በሴት የተጻፈ አለ?

ነገሩ የተጀመረው በጽዋ ማኅበራችን ነው። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ መጽሐፍ ከእጅሽ አይጠፋም፣ እስቲ ሴት የጻፈችው መንፈሳዊ መጽሐፍ አንድ ንገሪኝ፣ ለልጄ ልገዛላት ነው» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። አንድም አልመጣልኝም። «ላስብበትና እነግርዎታለሁ» ብዬ አመለጥኩ።

ቤት ገብቼ መደርደሪያዬን ቆጠርኩ። መንፈሳዊ የምላቸው 43 መጻሕፍት አሉኝ። ሴት የጻፈቻቸው ሁለት ናቸው። አንዱ የጾም ምግብ አሠራር ነው። (እሱንም ቢሆን አልንቀውም፣ ሁዳዴን ያለፍኩት በሱ ነው።)

ቅዳሜ አራት ኪሎ ወረድኩ። ከመንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫዎቹ አንዱ ጋ ገብቼ ጠየቅኩ። ልጁ «ስለ ሴት ነው በሴት?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «በሴት» አልኩት። ትንሽ አሰበ፣ ወደ ጓዳ ገባ፣ ሦስት መጽሐፍ ይዞ ወጣ። ሦስቱም ስለ ትዳር ናቸው። ሚስት ምን ዓይነት መሆን እንዳለባት ይመክራሉ። ጸሐፊዎቹን አየሁ፣ ሦስቱም ወንዶች። ተሳሳቅን፣ አመስግኜ ወጣሁ።

አንድ ነገር ግን ልናገር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሴት አልተወደሰችም የሚል ካለ ቅዳሴ አልቆመም ማለት ነው። ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ ይደገማል። አርጋኖን አለ፣ ተአምረ ማርያም አለ። የቆሎ ተማሪው እንኳ ከደጅ ደጅ ሲዞር የሚለምነው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ነው፣ ቁራሹን የምትሰጠውም ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። እንግዲህ በሴት ስም ለምኖ፣ ከሴት እጅ በልቶ የተማረ ሊቅ ነው ብዙውን ጽፎም ገልብጦም ያቆየን። መወደስና መናገር ግን ለየቅል ናቸው። እኔ የፈለግኩት ስትናገር ነው።

ፍለጋውን የጀመርኩት አዲስ ነገር ለማግኘት ነበር። መጀመሪያ ያገኘሁት ግን አያቴ ቤት የነበረውን ነው። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም። ዳዊት የሚደግምላት አጎቴ ነበር፣ እሷ ከጎኑ ሆና በቃሏ ትከተለዋለች። ዳዊትን የሚያውቅ ያውቃል፣ ከ151ዱ መዝሙር ቀጥሎ ጸሎተ ነቢያት ይመጣል። 15 ናቸው፤ የሙሴ፣ የሕዝቅያስ፣ የዮናስ፣ የዕንባቆም እያለ ይሄዳል። ከመካከላቸው ሁለቱ የሴቶች ናቸው፣ ጸሎተ ሐና እና ጸሎተ ማርያም። እምዬ እነዚህ ሁለቱ ላይ ስትደርስ ድምጿ ከፍ ይል ነበር። ልጅ ሆኜ የደከማት መስሎኝ «ሊያልቅ ሲል ትጮሃለች» እያልኩ እስቅባት ነበር። አሁን ሳስበው፣ የራሷ ወገን ተራ ሲደርስ ነው እንዴ ድምጿን የምታነሳው? ጠይቄያት አላውቅም፣ አሁን ደግሞ የለችም።

ያን ምሽት 1ኛ ሳሙኤልን ከፈትኩ። ሐና ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ ያያትና «ሰክራለች» ይላል። እስቲ አስቡት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ሴት ቤተ መቅደስ ገብታ አምላኳን ስታናግር ካህኑ መጠጥ ነው ብሎ ደመደመ። እሷ ግን መለሰችለት፣ ጌታዬ አልሰከርኩም፣ ልቤ ያዘነብኝ ሴት ነኝ አለችው። ምዕራፍ ሁለት ላይ ደግሞ ሙሉ ድምጿን አውጥታ ትዘምራለች፣ ኃያላንን ስለሚያዋርድ፣ ድኻውን ከትቢያ ስለሚያነሳ አምላክ። ያንኑ ቃል የሚመስል እመቤታችን በሉቃስ ላይ መልሳ ትለዋለች፣ «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር»፣ ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች ብላ። አንዷ ሴት ከሌላዋ ሴት ተማረች ማለት አይደለም ወይ? እኔ እንደዚያ ነው ያነበብኩት፣ ሊቃውንቱ ይፍረዱ።

ከዚያ ገድላትን ያዝኩ።

ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን ከታተመው አገኘሁት። ስሟን ሁላችንም እንሰማለን፣ ታሪኳን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የተወለደችው በ1592 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከመኳንንት ቤት። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ትልቅ ሹም ነበር። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብል ይህን የተቃወሙት ጳጳስ አቡነ ስምዖን ተገደሉ፣ ባሏም በጉዳዩ እጁ እንዳለበት ስታውቅ ትታው ሄደች፣ መነኮሰች። በ1622 ንጉሡ ካቶሊክነቱን በይፋ ሲያውጅ እሷ በየአገሩ እየዞረች ሕዝቡን «አትቀበሉ» ማለት ያዘች። ተያዘች። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሱ ሜንዴስ ሊያሳምናት ሞከረ፣ አልተሳካለትም። ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል በረሃ አጋዟት፣ ሦስት ዓመት። እዚያም ሰው ተከትሏት ሄደና ማኅበር መሠረተች። በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ሲመልስ እሷ ጣና ላይ ነበረች፣ በዙሪያዋ መነኮሳትና መነኮሳይያት፣ ወንድም ሴትም። በ1642 ዐረፈች።

እስከዚህ ታሪክ ነው። እኔን ወንበሬ ላይ ያስቀመጠኝ ግን አንድ ትንሽ ቦታ ነው። ሊቃውንት ተሰብስበው አባ ፋትለ ሥላሴ የሚባሉትን መምህር ይጠይቋቸዋል፦ ሴት ሆና ሳለ መሪና አስተማሪ መሆን ይገባታል ወይ? ጳውሎስ ሴት በማኅበር ዝም ትበል ብሎ የለም ወይ? ጥያቄው ዛሬ ጠዋት የተጠየቀ ነው የሚመስለው! ፋትለ ሥላሴ ደግሞ የዋዛ ሰው አይደሉም። መልሳቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እኛ ስለተበላሸን እግዚአብሔር እሷን ለተግሣጻችን አስነሳት፣ እኛን ሽሮ እሷን ሾመ፣ ስለዚህ ልታፈርሱት አትችሉም። ቀጥለው የገማልያልን ምክር ከሐዋርያት ሥራ ይጠቅሳሉ፣ ነገሩ ከሰው ከሆነ ይጠፋል፣ ከእግዚአብሔር ከሆነ ግን ከአምላክ ጋር ስትጣሉ እንዳትገኙ የሚለውን።

ይሄን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ከነከነኝ፣ ለምን ብትሉ ጥያቄው ስለ እሷ ነው፣ ጠያቂዎቹ ወንዶች፣ መላሹ ወንድ፣ የጻፈውም ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ በ1672፣ እሷ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ። እሷ ራሷ ያን ቀን ምን አለች? እዚያ ላይ የለችም።

ተስፋ ቆርጬ ልተወው ነበር። ከዚያ ግን ገድሉን ሌላ ዓይነት ማንበብ ጀመርኩ። ገላውዴዎስ በዓይኑ ያየውን አይደለም የሚጽፈው። የነገሩት አሉ። ማን ነው የነገረው? ማድ ቤት ውስጥ የተባባሉትን፣ ጀልባ ላይ ስትሳፈር ማን አብሯት እንደነበር፣ ታማ ስትተኛ ማን እንዳስታመማት፣ ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስን መጀመሪያ ስታያት ሁለቱ እንዴት እንደተዋደዱ የሚያወራ ገጽ ሲገጥመኝ እርሳሴን አንስቼ ጠርዙ ላይ አሰምርበታለሁ። ይሄን ወንድ ገዳም ውስጥ ቁጭ ብሎ አይፈጥረውም። አብረዋት የኖሩ እናቶች ናቸው የነገሩት። ብዕሩ የሱ ነው፣ አፉ የነሱ። እርሳሴ አለቀ ብላችሁ ታምናላችሁ?

በዚሁ ዓይን ወደ ክርስቶስ ሠምራ ዞርኩ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን እናት ናት፣ የሸዋ ሰው፣ ባል ያላት፣ የብዙ ልጆች እናት። ገድሏ የሚጀምርበት ነገር ያስደነግጣል። አገልጋይዋን ተናዳ እሳት በአፏ ከተተችባትና ልጅቷ ሞተች። ደንግጣ «ካስነሳህልኝ ዓለምን እተዋለሁ» ብላ ተሳለች፣ ልጅቷ ተነሳች፣ እሷም ቃሏን ጠብቃ ቤቷን ጥላ ወጣች። ቅድስት ሲባል ጥፋት የሌለባት ሰው ለምጠብቀው ለእኔ ይሄ ከባድ ነበር። ግን ደግሞ አልደበቁትም፣ አይደል?

ከሁሉ የሚገርመው ልመናዋ ነው። ክርስቶስን ምን ብላ ጠየቀችው? ዲያብሎስን ማርልኝ አለችው። ሰይጣንን ወድዳው አይደለም፣ እሱ ከታረቀ የአዳም ልጆች በሱ ምክንያት መጥፋታቸው ያበቃል ብላ ነው። ሂጂና ጠይቂው ተባለች። ቅዱስ ሚካኤል አብሯት ወረደ። ዲያብሎስ ግን ዕርቁን እንቢ ብሎ እሷኑ ይዞ ወደ ሲኦል ጎተታት፣ ሚካኤል ደርሶ አስጣላት። ስትወጣም ባዶ እጇን አልወጣችም፣ ነፍሳት ይዛ ነው። መንደር ውስጥ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶችን ለማስታረቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤት ቤት የምትመላለስ ሴት አይታችሁ ታውቁ የለ? ይቺ ያቺው ናት፣ ፀቡ ብቻ ነው የሰፋው። እኔ የትኛውም የነገረ መለኮት መጽሐፍ ላይ እንደዚህ ዓይነት ድፍረት አላነበብኩም። በገድሉም ብዙ ቦታ ላይ «እኔ» እያለች ራሷ ትናገራለች። በየዓመቱ ነሐሴ 24 ስትነግሥ ሕዝቡ ይህን ታሪክ ይሰማል፣ ለማንም አይከብደውም። መጽሐፍ ላይ ብጽፈው ስንት ሰው ይነሳብኝ ነበር!

ቅኔ ላይ ስመጣ ደግሞ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሉ። ጎጃም፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን። በልጅነታቸው ዓይናቸውን አጡ፣ ከቅኔ መምህር አባታቸው ተማሩ፣ ከዚያ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ወንድ ተማሪ አስተማሩ። የሚያሳዝነው የቅኔ ጠባይ ነው። ቅኔ ይዘረፋል፣ ይደመጣል፣ ያኔ ሰው ካልያዘው ይበናል። ጽሑፍ የሚይዝ ከአጠገብ ከሌለ ሊቋም ሊቁም እኩል ይጠፋሉ፤ በሴቷ ላይ ግን ይብሳል፣ ምክንያቱም «የመምህሬ ቅኔ» ብሎ የሚመዘግብ ተማሪ የማን እንደሆነ ሲጽፍ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ወንዶቹ ነው። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ ተቆጡኝ።

ከኦርቶዶክሱ ወጣ ብዬ ያገኘኋት አስቴር ጋኖ ናት። ባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቃ በመርከብ ልትሻገር ስትል በ1886 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች አስጥለዋት ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ባለው የስዊድን ሚሲዮን አደገች። በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሁላችን የምናውቀው በተርጓሚው በኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ነው፣ ይገባዋልም። ግን ኦኔሲሞስ ከአገሩ የተወሰደው ገና ሕፃን ሳለ ነው፣ የቋንቋው ሀብት ይጎድለው ነበር። 15,000 ገደማ ቃላት የሰበሰበችው አስቴር ናት። ኃጢአት በኦሮምኛ ምን ይባል፣ ጸጋ ምን ይባል የሚለው እኮ ነገረ መለኮት ነው። ቃሉን ያቀበለችው እሷ ናት እንግዲህ። ለዚች ሴት ለብቻዋ አንድ ጽሑፍ ይገባታል፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። የአርሲዋን የፋራቃሳ መንፈሳዊት እናት ሲቲ ሞሚናንም ያኔ፣ እሷ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሄድ ነበርና።

ባለፈው ወር ማኅበሩ ሲደርስ ገድለ ወለተ ጴጥሮስን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። የፋትለ ሥላሴን ቦታ አነበብኩላቸው። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ «ዕልል» አለች፣ ከወንዶቹ አንዱ «ይሄ ገድል ውስጥ አለ?» ብሎ መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ራሱ አነበበው።

ያን ጥያቄ የጠየቁኝ እናት ግን አልሳቁም።

«ይሄንንም የጻፈው ወንድ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ገላውዴዎስ የሚባል።»

«እሱስ ከማን ሰማ?»

«አብረዋት ከኖሩት ሳይሆን አይቀርም፣ ከእናቶቹ።»

ጠላቸውን ጎንጨት አሉና «በይ መጀመሪያው ላይ መልሽውና እሱን አንብቢልን፣ ቀስ እያልሽ» አሉ።