ወረቀቱ አያውቅማ

ቢሮው ለበጎ ፈቃድ ቀን ደሴን ሲመርጥ ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ፤ ያደግኩባት ከተማ ናት። ቢሯችን አዲስ አበባ ሆኖ ከአንድ የለንደን የሕግ ቢሮ ጋር አብሮ ይሠራል። ሠራተኛው ለማኅበረሰቡ የሰጠው ሰዓት እየተመዘገበ ሪፖርት የሚደረገው በእነሱ ወግ ነው። ነጻ አገልግሎቱ እንኳን ለእኛም አዲስ አይደለም። በ1992 የወጣው ደንብ ቁጥር 57 የፌዴራል ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝ ነበር። ስለ ቲሸርት ግን ምንም አይልም።

ቲሸርቱ ነጭ ነው። የደሴ ብርድ ደግሞ በቲሸርት አይቻልም። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሷል፣ እኛ ሹራብ ላይ ቲሸርት ደርበን ቀበሌ አዳራሽ ገባን። ፎቶው ላይ ሁላችንም ወፍረናል።

ለእኔ የደረሱኝ ከሸዋ በር የመጡ እናት ናቸው። ቤታቸውን ላሳደጓት የእህታቸው ልጅ መናዘዝ ይፈልጋሉ። ሁለት መቶ ገጽ የብድር ውል ለሚያገላብጥ ሰው ኑዛዜ ምን አላት! «ከዚህ በኋላ ቤቱ እየተባለ የሚጠራው» ምናምን እያልኩ አሳምሬ ጻፍኩት። ሦስት ጎረቤቶቻቸው ምስክር ሆኑ፣ አራተኛው ሾፌራችን። ጮክ ብዬ አነበብኩ። እማማ «አሚን» አሉና አሻራቸውን አኖሩ። አለቃዬ አየት አድርጎ «ንጹህ ሥራ» አለ። ወረቀቱን ይዘው ፎቶ ተነሱ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ከኋላቸው በር ላይ በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ አለ። «እሱ ሳያየው ወረቀት ሳጥን አላስገባም» አሉ እማማ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ ብለው።

ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተነብቧል?»

«አዎ! ሁሉም እየሰሙ ነው ያነበብኩት።»

«ወረቀቱ አያውቅማ።»

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 881 ነው። ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ ብቻ አይበቃውም፣ መነበቡ እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ፈራሽ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። አሁን ግን ምን ብል ጥሩ ነው? «መንፈሱ ያው ነው» አልኩት።

«እሺ፣ ችሎት ሲጠራ መንፈሱን ታቆመዋለህ።»

አለቃዬ ድንገት ስልክ ተደወለለት። እስከ ዛሬ ስልኩ ሲጠራ የሰማ ሰው አላገኘሁም።

አዲስ ማዘጋጀት ነበረብን። ጎረቤቶቹ አልራቁም። ሾፌራችን ግን ነዳጅ ሊቀዳ ኮምቦልቻ ወርዷል። «እኔ እፈርማለሁ» አለ ራፖር ጸሐፊው። «ይህ ኑዛዜ በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነብቦ» የምትለዋን መስመር እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። አንብበን ተፈራረምን። መቶ ብር ላስጨብጠው ብል «ዛሬ በነጻ ነው አልተባለም እንዴ?» ብሎ ወደ ጃንጥላው ሄደ። እሱስ ይሁን። እማማ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው «አብሽር ልጄ፣ ትለምደዋለህ» ያሉኝ ነው እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ።

ማታ ሆቴል ቅጹ መጣ። እኛ ጋ ሰዓት በስድስት ስድስት ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ሁለት ሰዓት ለመሳሳት፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ለመታረም። ደምሬ ሞላሁት። የራፖር ጸሐፊው ደቂቃ የሚገባበት ሳጥን ቅጹ ላይ የለም። ቢሮው በማግስቱ የእማማን ፎቶ «ሕይወት የሚለውጥ አገልግሎት» ብሎ ለለንደን ላከው። በጣም ያምራል። በእጃቸው የያዙት የመጀመሪያውን ነው።