የጋላክሲ ፍጥነት ቀላል ነው፤ ፈተናው ርቀቱ ነው

የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት ለማስላት ሁለት ቁጥር ይበቃል፤ ጋላክሲው የሚሸሽበት ፍጥነትና ርቀቱ። ፍጥነቱ አያስቸግርም። ከሃይድሮጅን የሚወጣው ቀይ የብርሃን መስመር ላቦራቶሪ ውስጥ ሲለካ የሞገድ ርዝመቱ 656.3 ናኖሜትር ላይ ይወጣል። ከጋላክሲው የመጣው ያው መስመር 669.4 ላይ ከታየ ልዩነቱን 13.1ን ለ656.3 አካፍሉት፤ 0.02 ይመጣል። በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 6,000 ይሆናል። አለቀ።

ርቀት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1912 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሄንሪታ ሌቪት ያሳየችው ዘዴ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ሴፊድ የሚባሉት ኮከቦች በየጊዜው ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ፤ ዑደታቸው በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀታቸው ይበልጣል። ስለዚህ ቀኖቹን ቆጥሮ ድምቀቱን ማወቅ፣ ከዚያም ከሚታየው ጋር ማወዳደር ነው። ሁለት እኩል ብሩህ ኮከቦች ኖረው አንዱ 4 ጊዜ ደብዝዞ ከታየ ርቀቱ እጥፍ ነው። መሃል ላይ አቧራ ካለ ግን ኮከቡ ከርቀቱ በላይ ይደበዝዛል፤ ይህ ካልታረመ ጋላክሲውን ከቦታው አርቀን እናስቀምጠዋለን።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል በ1923 በጎረቤታችን ጋላክሲ በአንድሮሜዳ ውስጥ ሴፊድ አግኝቶ ርቀቷን 900,000 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ገደማ አደረገው። ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኗን ለማረጋገጥ ይህ በቂ ነበር፤ ትክክለኛው ርቀት ግን ወደ 2.5 ሚሊዮን ይጠጋል። ሴፊዶች ድምቀታቸው የሚለያይ ሁለት ዓይነት መሆናቸው ገና አልታወቀም ነበር፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዋልተር ባደ ይህን ይፋ ያደረገው በ1952 ነው።

ስህተቱ ወደ ዕድሜ ስሌቱም ገባ። ሃብል በ1929 ፍጥነትን ለርቀት አካፍሎ ያወጣው የመስፋፋት ቁጥር በአንድ ሜጋፓርሴክ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት) በሰከንድ 500 ኪሎ ሜትር ነበር። 978ን ለዚህ ቁጥር ብታካፍሉ የጽንፈ ዓለም ግምታዊ ዕድሜ በቢሊዮን ዓመት ይመጣል፤ 2 ቢሊዮን እንኳ አይሞላም። ምድር ራሷ ግን 4.5 ቢሊዮን ዓመቷ ነው! በዛሬው ቁጥር፣ በ70 ገደማ፣ ሲካፈል 14 ቢሊዮን ገደማ ይሰጣል።

ጀማሪዎች ስሌቱን ቅርብ ጋላክሲዎች ላይ እየሞከሩ ይሳሳታሉ። ጋላክሲዎች በጎረቤቶቻቸው ስበት በሰከንድ መቶዎች ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። አንድሮሜዳ እንዲያውም ወደ እኛ እየመጣች ነው። ፍጥነቱ 6,000 በሆነ ጋላክሲ ላይ የ300 ስህተት 5 በመቶ ብቻ ነው፤ 600 በሆነው ላይ ግን ግማሹ ነው።

ዛሬም ሙግቱ አልበረደም። በፕላንክ ሳተላይት ከጥንታዊው ብርሃን (ከጽንፈ ዓለም መጀመሪያ ዘመን ከቀረው) የተገኘው የመስፋፋት ቁጥር 67.4፣ ከሴፊዶችና ከሱፐርኖቫዎች (ከሚፈነዱ ኮከቦች) የሚገኘው ደግሞ 73 አካባቢ ነው። ከላይ ያሰላነው ጋላክሲ በመጀመሪያው 290፣ በሁለተኛው 268 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል።