ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራና የዓይኔ ነገር

በቴሌግራም ግሩፓችን የጎንደር ልጆች ስንጨዋወት አንዱ አብሮ አደጌ እንዲህ አለኝ፦ «አንተማ ታድለህ! ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ዶላር ትቆጥራለህ። እኛ ከፒያሳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ማራኪ ስንንከራተት እንውላለን።» ሌላው ተቀበለው፦ «ኮምፒውተር ማየት ምኑ ይደክማል? እኛ በነፃ ስልክ ላይ ስናፈጥ እናድር የለ!»

ወንድሞቼ፣ አልተቀየምኩም። ግን በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር አጠገብ ነው። እንደ ጎንደር ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ፀሐይም አይጠፋበትም። ለዚህም ይሆናል ሐበሻ የሚወደው። አየሩ ግን ደረቅ ነው። ብርድ ሲገባ ደግሞ ቢሮው ውስጥ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይነፋል። ሥራዬ የሆስፒታል ሂሳብ ማጣራት ነው። ሁለት ስክሪን ፊቴ ተደቅኗል፤ ከግራው አንብቤ ቀኙ ላይ አስተካክላለሁ። እጄ ከኪቦርዱ ሲነሳ ሲስተሙ መቁጠር ይጀምራል፤ ቆየት ካልኩ አለቃዬ ጋ ይታያል። ጎንደር ውስጥ ሥራ ሲባል ላብ ነው። እዚህ ላብ የለም፤ ስለዚህ ድካሙን የሚያይልህ ሰውም የለም።

ወደ ማታ ፊደሉ ይደበዝዝብኝ ጀመር። ግንባሬን ይወጥረኛል፣ አንገቴ ይደርቃል፣ ዓይኔን ይቆረቁረኛል። ከዚያ እንባው መጣ። ሳላዝን፣ ሳልናደድ፣ ኮለል ብሎ ይወርዳል። ዓይኔ ደም ይለብሳል። እናቴ በቪዲዮ ስታየኝ ደነገጠች። «ልጄን ማን አየብኝ? 44ቱ ታቦት ይጠብቁህ!» ብላ በዘመድ እጅ ጠበል ልትልክልኝ ተነሳች።

አለቃዬም አየኝ። እሱ ግን ያሰበው ሌላ ነው። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝብ ድምፅ ማሪዋና ፈቅዳለች፤ ከ2014 ጀምሮም በሱቅ ይሸጣል። ሕጉ ቢፈቅድም አሠሪ ሠራተኛውን ለዕፅ መርምሮ ማባረር ይችላል። እናም ዓይኑ የቀላ ሰው ይጠረጠራል።

ሁዳዴ ነበር። ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም። ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ጠራኝ፤ ከሰው ኃይል ክፍል አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች። «ዛሬ የወሰድከው ነገር አለ?» አለችኝ። መጀመሪያ መድኃኒት የምትለኝ መስሎኝ «የለም» አልኩ። «ዓይንህ በጣም ቀልቷል» አለች። ያኔ ገባኝ። ለዕፅ ምርመራ እንድፈርም ወረቀቱን ገፋ አደረገችልኝ።

ሽንት የሚሰጥበት መመርመሪያ ቦታ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስወጡኝ። ጃኬቴን ተቀበሉኝ። የቧንቧው ውሃ ተዘግቷል፣ የሽንት ቤቱ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ተጨምሮበታል፤ ውሃ ቀላቅዬ እንዳላጭበረብር ነው። ሰውየው ብልቃጡን ሰጥቶኝ በሩ ሥር ቆመ። ጫማው ከበሩ ስር ይታየኛል። ድምፁን እየሰማ ነው። የቄስ ልጅ ነኝ። ጎንደር ላይ የአባቴን ስም የሰማ ሁሉ ተነስቶ ያስቀምጠኛል። ያን ጫማ እያየሁ የተሰማኝን ነገር አሁንም መጻፍ ይከብደኛል።

ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ይቅርታ ያለኝ የለም። «ወደ ሥራህ ተመለስ» ተባልኩ፤ በቃ።

የእኛ ሰው የቀላ ዓይን ሲያይ ቡዳ ይላል፤ እነሱ ዕፅ ይላሉ። ዓይኑ ራሱ ታሞ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ከሁለታችንም ወገን ጠፋ። የጠየቀችው የዓይን ባለሙያዋ ብቻ ናት። ብርሃን እያበራች ከመረመረችኝ በኋላ «ዓይንህ ደርቋል» አለችኝ። እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ደርቋል ስትለኝ ገረመኝ። እንዲህ አስረዳችኝ፦ ሰው እንዲሁ ሲቀመጥ በደቂቃ ወደ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ሲያይ ግን ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ የሚያርገበግበውንም ሙሉ በሙሉ አይጨፍነውም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እንዳሉት መላእክት ዓይናችንን ገልጠን እንውላለን ማለት ነው። ዓይንን የሚያረጥበው ስስ ሽፋን ይተንና ላዩ ይቆጣል። ያኔ ዓይን ደንግጦ ውሃ የበዛበት እንባ ያፈስሳል፤ እሱ ደግሞ ቅባት ስለሌለው ሳያረጥብ ይፈስሳል።

ትንሽ የማየት ጉድለትም ተገኘብኝ። መንገድ ላይ አይታወቅም፤ ቀኑን ሙሉ ቅርብ ሲታይ ግን ዓይንን ያታግላል። ለስክሪኑ ርቀት የሚሆን መነጽር ታዘዘልኝ። ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ ይህን አትናቁት፤ ቅርብ ማየት በዚያ ዕድሜ ለሁሉም ይከብዳል፣ ተራው የማንበቢያ መነጽር ደግሞ ለኮምፒውተር ርቀት ላይስማማ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ወንበሬን አስተካከልኩ። ስክሪኑ ከዓይኔ አንድ ክንድ ያህል፣ ከ50 እስከ 70 ሳንቲሜትር ራቀ። የላይኛው ጫፉ ከዓይኔ ዝቅ እንዲል አደረግሁ፤ ወደ ላይ ሲታይ ዓይን በሰፊው ስለሚከፈት ቶሎ ይደርቃል። የማሞቂያውን ንፋስ ከፊቴ አዞርኩ። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትርና ከዚያ በላይ የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ አያለሁ፤ ቅርብ ሲያይ የተኮማተረው የዓይን ጡንቻ የሚላላው ያኔ ነው። መስኮት ያለው ቦታ የአለቆች ስለሆነ የኮሪደሩን መጨረሻ አያለሁ። ጎንደርን ቁልቁል ከሚያየው ከጎሃ ኮረብታ ላይ ቆሞ ያንን ሁሉ ጋራ እያየ ላደገ ሰው ኮሪደር ማየት ያናድዳል። ግን ይሠራል።

ሲደርቅብኝ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ እጠቀማለሁ። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ቢገዛ ይሻላል። መቅላትን ብቻ የሚያጠፋውን ጠብታ ግን ተጠንቀቁ። አንዲት የአገሬ ልጅ ለምርመራ እንዳትጠራ ፈርታ በየቀኑ ስትጨምረው፣ ባቆመች ቁጥር ከፊተኛው ብሶ ይቀላባት ነበር። ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል ተብሎ በውድ ለሚሸጠው መነጽርም ገንዘባችሁን አታውጡ። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የጥናቶች ግምገማ ለኮምፒውተር የዓይን ድካም ከተራው መነጽር የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ስክሪን ዓይን ያጠፋል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ያደክማል እንጂ አያሳውርም።

አሁን ለመምጣት ፕሮሰስ ላይ ላላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ዓይናችሁን እዚያው ጎንደር ተመርመሩ። ዩኒቨርሲቲው የኦፕቶሜትሪ ባለሙያዎችን፣ ማለትም ዓይን መርምረው መነጽር የሚያዝዙትን፣ የሚያሠለጥን ነው፤ ሆስፒታሉም የዓይን ክፍል አለው። የመነጽር ማዘዣችሁን ቅጂ ከፓስፖርታችሁ ጋር አኑሩት፣ ትርፍ መነጽርም አሠርታችሁ ያዙ። እዚህ የዓይን ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ከጤና ኢንሹራንሱ ተለይቶ ነው የሚገዛው፤ ሳታውቁት ሂሳቡ ይመጣባችኋል። ቢሮ ስትገቡ ዓይናችሁ ካስቸገራችሁ ሳይጠረጥሯችሁ ቀድማችሁ የሐኪም ደብዳቤ አስገቡ። የእኔ አለቃ ዕረፍት የፈቀደልኝ ደብዳቤውን ካየ በኋላ ነው፤ ቃሌን አላመነም።

እዚያ ላላችሁትም፣ መብራት ሲጠፋ በጨለማ ስልክ ላይ አፍጥጣችሁ አትደሩ። ብርሃኑን ቀንሱ፣ ስልኩን ከፊታችሁ አርቁ። ልጆቹን ቀን ቀን ውጭ አጫውቷቸው፤ ከቤት ውጭ ብርሃን የሚያገኝ ልጅ ሩቅ ያለውን አጥርቶ ያለማየት ችግር የሚይዘው ባነሰ መጠን ነው። ደግሞ የዓይን ሕመም ሁሉ ከስልክ አይደለም። በክልላችን ትራኮማ የሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ ገና አልጠፋም፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን የሚወጋውን ሰው ዕረፍት አያድነውም። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታም ለጊዜው ያስታግስና ሲቆይ ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ዓይኑ በድንገት የጨለመበት፣ ብልጭታ የሚያይ ወይም ሕመሙ የጸናበት ሰው ደግሞ ነገ ሳይል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ።