ሰኔ 19፣ አባዬ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞቼ እህቶቼ። ይሄን ምስክርነት መናገር ከነበረብኝ በጣም ቆይቷል። ስለቱን የተሳለችው እናቴ ናት፣ ስለቱም በጊዜው ገብቷል፣ ግን እናቴ ሁሌ "የተደረገልንን አፍኖ መያዝ ነውር ነው" ትለኝ ነበርና አሁን እሷም ካረፈች አራት አመቷ ስለሆነ ከኔ ሌላ የሚናገረው የለም ብዬ ነው የተነሳሁት።

ትላልቅ ሰዎች ሲጫወቱ ሰምታችሁ ከሆነ መሪ የተገደለበትን ቀን ማንም አይረሳውም። አባቴ ኬኔዲ በህዳር 1956 ሲገደል ገና ልጅ ነበር፣ ጃንሆይ ለቀብሩ ዋሽንግተን ድረስ ሄዱ ተብሎ ሲወራ የት ቁጭ ብሎ እንደሰማ፣ ማን ከጎኑ እንደነበረ ዛሬም ይነግራችኋል። የግብፁ ሳዳት በመስከረም 1974 ካይሮ ላይ የወታደር ሰልፍ እያየ በገዛ ወታደሮቹ ሲገደል ደግሞ አባቴ ፖሊስ ሆኗል፣ ዜናውን ጥበቃ ላይ ሆኖ ከጓደኛው ሬዲዮ ነው የሰማው። የኔ ቀን ሰኔ 19 ቀን 1987 ነው። የዛን ቀን አዲስ አበባ ላይ የተተኮሰበት መሪ፣ የግብፁ ሙባረክ፣ አልሞተም፣ እግዚአብሔር አተረፈው፣ ግን እኛ ቤት ሰው የሞተ መስሎን ቀኑንም ሌሊቱንም አሳልፈናል።

ለማታስታውሱት በአጭሩ ልንገራችሁ። የሽግግር መንግስት ጊዜ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመሪዎች ስብሰባ አዲስ አበባ ላይ ሊከፈት ነው፣ የየአገሩ መሪ በቦሌ ይገባል፣ ከኤርፖርት እስከ መስቀል አደባባይ ያለው መንገድ ላይ ፖሊስ ተደርድሯል። አባቴ ከነዛ ከተደረደሩት አንዱ ነው። ያን ሰሞን ቤት የሚመጣው ለመተኛት ብቻ ነበር፣ አንዳንዴ ለሱም አይመጣም። የዛን ቀን ሰኞ ነው፣ ከሌሊቱ አስር ሰአት አካባቢ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ፣ በጨለማ ጫማውን እያሰረ እናቴን "ዛሬ ብዙ እንግዳ ነው፣ አትጠብቁኝ" አላት። እኔ አስራ ሁለት አመቴ ነው፣ አይኔን ገልጬ እንኳን ቻው አላልኩትም። ይቺን ነገር በኋላ ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩባት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

ቤታችን ከወሎ ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። በ19 እናቴ ሁሌም ግቢ ገብርኤል ትሳለማለች፣ ዝናብ ይሁን ህመም ይሁን አትቀርም፣ የዛን ቀን ግን መንገዱ ስለተዘጋ አልፋ መሄድ አልቻለችም። እስከ አስፋልቱ ሄዳ ተመልሳ መጣች፣ ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ "በገብርኤል ቀን ከደጁ ቀረሁ" እያለች ተበሳጨች። ከዛ ስእሉ ፊት ጧፍ ለኮሰችና ቢያንስ ቡናውን በስሙ ላፍላ ብላ ምጣዱን ጣደች።

ተኩሱን የሰማነው ቡናው እየተቆላ እያለ ነው።

መጀመሪያ ለእንግዶቹ ክብር መድፍ የሚተኮስ ነው የመሰለን፣ እኔ እንደውም ደስ ብሎኝ ወደ በሩ ሮጫለሁ። ግን መድፍ አንድ አንድ እያለ ነው የሚተኮሰው፣ ይሄ ተንጣጣ፣ ቆም አለ፣ መልሶ ደግሞ ተንጣጣ። እናቴ መቁያውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። የፖሊስ ሚስት ናት፣ የደርግንም ጊዜ፣ ኢህአዴግ የገባበትንም ቀን ታውቃለች፣ ድምፁን ለየችው። ፊቷን ሳየው ነው እኔም የገባኝ። አንዳችንም ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አላነሳነውም፣ ቡናው ከሰለ፣ ቤቱ በጭስ ሞላ፣ እኛ እዛው ቆመናል። እስከዛሬ የሆነ ቦታ ቡና ሲያር ከሸተተኝ እግሬ ይዝላል። የት ነበርሽ ለሚለኝ ሰው መልሴ እሱ ነው፣ የሚያርር ቡና ፊት ቆሜ ነበር።

ከዛ በኋላ ያለው ወሬ ነው። ሞባይል የሚባል ነገር በአገራችን የለም፣ ቴሌቪዥን የሚጀምረው ማታ ነው፣ ስልክ ያለው ሰፈራችን ውስጥ ሀጂ ቤት ብቻ ነው። ከአስፋልቱ በኩል እየሮጠ የሚመጣው ሁሉ የየራሱን ይዞ ይመጣል። አንዱ ሙባረክ ተገደለ ይላል፣ አንዱ የለም መለስ ናቸው ይላል፣ አንዱ መፈንቅለ መንግስት ነው ይላል። አንድ ልጅ ግን "ፖሊሶች ሞተዋል፣ መንገድ ላይ ወድቀው አይተናል" አለ፣ እናቴ ከዛ በኋላ ሌላውን አልሰማችም። የማን ፖሊስ፣ የቱ ጋ፣ ስንት ብላ ልጁን ትከሻውን ይዛ ስትጠይቀው ልጁ ራሱ ፈርቶ ማልቀስ ጀመረ።

እውነቱን ያወቅነው ቀስ በቀስ ነው። የግብፁ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ ጠዋት ቦሌ አርፈው ወደ ከተማ ሲመጡ የታጠቁ ሰዎች በመኪና መንገዱን ዘግተው ተኩስ ከፈቱባቸው። ሰውየው ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ጥይት የማይበሳው መኪና ውስጥ ስለነበሩ ሹፌሩ እዛው አዙሮ ወደ ኤርፖርት መለሳቸው፣ ስብሰባውንም ሳይካፈሉ የዛኑ ቀን ካይሮ ገቡ። የኛ ሁለት ፖሊሶች ሞቱ፣ ከአጥቂዎቹም እዛው የሞቱ አሉ። በኋላ አል ጋማአ አል ኢስላሚያ የሚባለው የግብፅ ቡድን እኔ ነኝ አለ፣ ያመለጡትን ተጠርጣሪዎች ሱዳን አሳልፋ ትስጥ ተብሎ ነገሩ የተባበሩት መንግስታት ፀጥታው ምክር ቤት ድረስ ሄደ፣ ማእቀብም መጣ። ይሄ ሁሉ የመጣው ግን በወራት ውስጥ ነው፣ የዛን ቀን እኛ የምናውቀው ፖሊስ መሞቱንና አባዬ አለመምጣቱን ብቻ ነው።

እናቴ የገባችው ስእሉ ፊት ነው። እንደዛ ስትፀልይ አይቻት አላውቅም፣ ምን ልበላችሁ፣ ፀሎት አይደለም ክርክር ነው። "ሰለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣህ አንተ አይደለህም ወይ? ዛሬ ቀንህ አይደለም ወይ? ደጅህ ልመጣ ተነስቼ አይደለም ወይ መንገድ የተዘጋብኝ?" ትላለች። ከዛ ተሳለች። "በዚህ በር አስገብተህ ካሳየኸኝ ቁልቢ ድረስ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ" አለች። ያኔ ቤታችን ውስጥ የጃንጥላ ዋጋ አይደለም ለቁልቢ መሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም፣ እሷ ግን ያለው ይኑር የሌለው ይምጣ ብላ ነው የተናገረችው።

እኔንና ታናሽ ወንድሜን አርባ አንድ እግዚኦ በሉ አለችን። ወንድሜ ሰባት አመቱ ነው፣ ቁጥሩ ይጠፋበታል፣ ስለዚህ ሽንብራ ቆጥራ ሰጠችንና አንድ እግዚኦ ስንል አንድ ፍሬ ከሰፌዱ ወደ ጣሳ እንጥላለን። ስንጨርስ ጣሳውን ገልብጠን እንደገና። ስንት ዙር እንደሆንን አላውቅም። ወንድሜ ጣሳውን እንዳቀፈ እንቅልፍ ወሰደው።

አንድ ሳልናገር ማለፍ የሌለብኝ ነገር አለ። የሀጂ ባለቤት ከሰአት በኋላ መጣች። እነዛ ሰዎች በእስልምና ስም ነው ይሄን ያደረጉት የሚባለው ወሬ ያን ሰአት መነሳት ጀምሮ ነበር መሰለኝ፣ ገና በሩ ላይ እንደቆመች ነው እንባዋ የወረደው። እናቴ ተነስታ አቀፈቻት። ከዛ እሷ በአንዱ ጥግ መስገጃዋን ዘርግታ፣ እናቴ በአንዱ ጥግ ስእሉ ፊት፣ ለአንድ ሰው ለመኑ። ማታም ሾርባ ሰርታ ያመጣችልን እሷ ናት፣ ሀጂ ደግሞ በስልካቸው የሚያውቁት ሰው ጋ ሁሉ ሲደውሉ አመሹ። የሚያነሳ የለም፣ የሚያነሳውም አያውቅም። ፀሎታችን ተሰማ ስል የሷንም ጨምሬ ነው።

ሌሊቱን ዘነበ፣ የሰኔ ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አያሰማም፣ እናቴ በሩ ቢንኳኳ አልሰማም ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ወንበር ስባ እዛው ተቀመጠች። ውሃው እየገባ ወለሉ ረጠበ፣ ዝም አለችው።

አባዬ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። በሩ ክፍት ሆኖ እያለ አንኳኳ። ለምን እንዳንኳኳ እሱም አያውቅም። ከአንገቱ እስከ እግሩ ጭቃ ነው፣ ጭቃው ደርቆ ዩኒፎርሙ እንደ ካርቶን ቆሟል፣ ቆቡ የለም። እናቴ አልጮኸችም፣ እልልም አላለችም፣ ዝም ብላ ሁለት እጇን ፊቱ ላይ አድርጋ በመዳፏ ዳበሰችው፣ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ደረቱን፣ የተበሳ ቦታ እንደምትፈልግ። ከዛ ጉልበቷ ከዳት፣ እዛው እርጥቡ ወለል ላይ ተደፍታ ሳመችው፣ ወለሉን ማለቴ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። አልቻለም። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ክሩን ይይዘዋል፣ ያመልጠዋል፣ ይይዘዋል። አባቴ ጠመንጃ ጨለማ ውስጥ ፈታቶ የሚገጥም ሰው ነው። ሄጄ እግሩ ስር ቁጭ አልኩ። ክሩ ውሃ ጠጥቶ ጭቃ ጠጥቶ ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል፣ በጥፍሬ ሞከርኩ እምቢ አለኝ፣ በጥርሴም ሞከርኩ፣ በመጨረሻ የእናቴን ወስፌ አምጥቼ በሱ እየበሳሁ ነው የፈታሁት። ትናንትና በጨለማ ሲያስረው ሰምቼ ዝም ያልኩት ጫማ ነው። እሱን እያሰብኩ ክሩን ሳወጣ አባዬ እጁን አናቴ ላይ አሳረፈ፣ እጁ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ፀጉሬ ላይ ይታወቀኛል።

የነገረን ትንሽ ነው። ተኩሱ ሲከፈት ከቦታው ብዙም ሳይርቅ ነበር፣ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ወደቀ፣ ጥይት ከላዩ ሲያልፍ አየሩ ሲቀደድ ይሰማው ነበር። ከዛ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ፍተሻና ጥበቃ ላይ ስለነበሩ ማንም ወደ ቤቱ መላክ አልቻለም። "ይሄ ሰውዬ እኮ ሳዳት ሲገደል አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ብቻ ቆስሎ የተረፈ ነው" አለ ሙባረክን። ከዛ ዝም አለ፣ ቆይቶ ደግሞ "ሁለት ልጆች ግን ቀርተዋል" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በስም አያውቃቸውም ነበር።

ቁልቢ ሄደናል። ለታህሳስ ገብርኤል እናቴ የጆሮ ወርቋን ሸጣ፣ ሀጂም መንገድ ስንቅ ብለው ጨምረውልን፣ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዛ በመኪና። ጃንጥላው ትንሽ ነበር፣ ዘርፉ ግን ወርቃማ ነው፣ እናቴ እንደ ህፃን አቅፋው ነው የሄደችው። ስለቷን ስታገባ አባዬ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፣ እልልታዋን የዛኔ ነው ያወጣችው፣ ስድስት ወር ሙሉ ይዛው።

አሁን የከበደኝን ነገር ልናገር፣ ይሄን የማልናገር ከሆነ ምስክርነቱ ጎዶሎ ነው። የኔ እናት ስትለምን የነዛ የሁለቱ ፖሊሶች ቤተሰቦችም በዛው ሰአት እየለመኑ ነበር። የነሱ በር አልተንኳኳም። አስራ ሁለት አመቴ ላይ ይሄን እናቴን ጠየቅኳት፣ ገብርኤል እነሱን ለምን አልሰማቸውም አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ብዙ አሰበችና "እኔ አላውቅም ልጄ፣ የማውቀው የነሱን እዳ እንደተሸከምን ነው" አለችኝ። እኔም ዛሬ አርባን አልፌ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። እግዚአብሔር አባቴን መለሰልኝ፣ ይሄን በሙሉ አፌ እመሰክራለሁ፣ ማንም አያስክደኝም። ግን ምስጋናዬ ውስጥ ሁሌ እነሱ አሉ፣ እንዲወጡም አልፈልግም።

እናቴ ከዛ ቀን በኋላ በየአመቱ ሰኔ 19 ዝክር ትዘክር ነበር፣ ሶስት ዳቦ ትጋግራለች። አንዱ ቤት ይቆረሳል፣ ጎረቤት ይበላዋል፣ የሀጂ ቤተሰብ ድርሻም ተለይቶ ይሄዳል። ሁለቱ ቤት ውስጥ አይቆረሱም፣ እንደ ትኩስነታቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ቤተክርስቲያን ደጅ ላሉት ነዳያን ይወሰዳሉ፣ በነዛ በሁለቱ ስም።

እሷ ካረፈች ጀምሮ እኔ ነኝ የምጋግረው። እንደሷ አይነፋልኝም፣ ኮባ ቅጠልም ሁሌ አላገኝም፣ ግን ሶስት ነው። አባዬ ሰባውን አልፏል፣ አይኑ ደክሟል፣ ብዙ ነገር እየረሳ ነው፣ አንዳንዴ የልጆቼን ስም ያምታታል። ባለፈው ሰኔ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ዳቦው ፊቱ ተቀምጦ፣ ቢላዋውን ሰጠነው። አልቆረሰም። እኔን በአይኑ ፈለገኝና "ሁለቱ ወጡ?" አለኝ።

"ወጥተዋል አባዬ" አልኩት። ከዛ ቆረሰ።