ነፋሱ ያለበት ኮረብታ፣ መብራት የሌለበት አልጋ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ወርዶ እነዚያን ነጫጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ያላየ የለም። እኔም ወደ ሶደሬና ወደ ድሬዳዋ ስወርድ ስንቴ አይቻቸው አልፌያለሁ። በየካቲት ግን ግርጌያቸው ድረስ ሄጄ ላያቸው ተነሳሁ። ስለ መንገዱ የማወራው የለኝም፤ ተኝቼ ደረስኩ።

የሚወራው ሌሊቱ ነው። «ቬንትሌተር አለው» ተብዬ አልጋ በ900 ብር ያዝኩ። እውነትም አለው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግን መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ የሚያበራው ባሩን ብቻ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ነው ያደግኩት። መስኮት ስከፍት ቢንቢ፣ ስዘጋ ምድጃ። ከከተማው በላይ 136 ተርባይን ቆሞ እኔ በስልክ ባትሪ ካልሲ እፈልጋለሁ! የሚመነጨው ኃይል ወደ አገር አቀፉ መስመር እንደሚገባ፣ ለአዳማ ተብሎ የሚቀር እንደሌለ አውቃለሁ። እያወቅኩም ተናደድኩ።

ጠዋት የባጃጁ ልጅ ደርሶ መልስ 600 ብር ጠራ። «ዳገቱ ሞተር ይበላል ወንድሜ» አለ። በ450 ተስማማን። የሆቴሉ ዘበኛ ኋላ ሲሰማ ሳቀብኝ፤ 300 ይበቃው ነበር አሉ።

ላይ ስንደርስ ኮፍያዬን በእጄ መያዝ ግድ ሆነ። በጋ ነው፤ ወንዞቹ ሲጎድሉ ነፋሱ የሚበረታበት ወቅት። መብራቱ ከግድብ ለሚመጣ አገር ከዚህ የተሻለ አጋዥ አይገኝም። ከማማው ግርጌ ጥቂት የብረት ደረጃና የተቆለፈ በር፤ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የታጨደ የጤፍ ማሳ። ውስጥ መግባት በደብዳቤ ስለሆነ ማሳው ዳር ቆሜ ሳንጋጥጥ አንድ አባት ጠርተው ውሃ ሰጡኝ። መሠረቱ ሲቆፈር ልጃቸው በቀን ሥራ ገብቶ ፌሮ ማሰር የተማረው እዚሁ ነው። «አሁን አዲስ አበባ ፎቅ ይሠራል» አሉኝ፣ ፎቁ የእሱ የሆነ ያህል ኮርተው።

የማመንጫው የመጀመሪያ ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ያለቀ፣ 34 ተርባይን ያለው። ሁለተኛው በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው 153 ሜጋ ዋት ነው። ብድሩ ከቻይና ኤግዚም ባንክ፣ ሥራ ተቋራጮቹም ቻይናውያን። የፕሮጀክቱ ባለቤት አማካሪ ሆነው ሥራውን የተቆጣጠሩት ግን የአዲስ አበባን ጨምሮ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። እኔ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ይህን ነው፤ የንድፍና የፍተሻ ወረቀት በእጁ ያለፈ መምህር ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ሌላ ነው።

ለምሳ የባጃጁ ልጅ የአጎቱን ልጅ ይዞልኝ መጣ። የተርባይን ጥገና ባለሙያ ነው፤ የት እንደሚሠራ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ዘይት መቀየር፣ ብሎን ማጥበቅ፣ ክንፍ መፈተሽ፣ ይህን ሁሉ የሚሠሩት አበሾች ናቸው።

«የመቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክ ካርድ ሲቃጠልስ?»

«ቁጥሩን አይተን እናዛለን። እንጠብቃለን።»

«ከፍታችሁ አትጠግኑም?»

«ንድፉ የለንም እኮ።»

ከዚያ ወደሚያንገበግበው ገባ። ብድሩ ከመጣበት ማሽኑም ይመጣል። እዚሁ አዳማ የመጀመሪያው ምዕራፍ የቻይናው ጎልድዊንድ ነው፣ ማርሽ ሳጥን የሌለው፤ ሁለተኛው ሳኒ፣ እሱም የቻይና። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ ደግሞ የፈረንሳዮቹ ቬርኜና አልስቶም፤ አሰላ ሲመንስ ጋሜሳ። መለዋወጫው ለየብቻ፣ ሥልጠናው ለየብቻ። አገር ውስጥ አንድ ዕቃ ለመሥራት የሚያስብ ወርክሾፕ ቢኖር እንኳ ለየትኛው ብሎ ይጀምራል? በአንድ ዓይነት ማሽን ብንጸና ኖሮ እስካሁን ቢያንስ ካርዱን መጠገን በቻልን ነበር፤ እኔ እንደዚያ አምናለሁ።

«አሸጎዳ የሠራ የክፍል ጓደኛ አለኝ» አለ ሽሮውን እየጠቀለለ። «ስንገናኝ ስለ ኳስ ነው የምናወራው።»

ሂሳቡን እሱ ከፈለ። ብለምነውም አልሰማኝ።