የጾም ምግብ በመርከብ ላይ

ትናንት ማታ፣ ከሲያትል ወደ አላስካ በሚጓዝ የመዝናኛ መርከብ ላይ ለእራት እንደተቀመጥን፣ ጾመ ፍልሰታ በመሆኑ እናቴ ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል እንደማትቀምስ ለአስተናጋጁ ልንገርልሽ ስላት «ተይ ልጄ፣ ሰው አናስቸግር፤ ሰላጣው ይበቃኛል» አለችኝ። እኔ ግን ነገርኩት። እሱም ምንም ሳይገረም አለቃውን ጠራ፤ አለቃውም የነገውን የእራት ዝርዝር ይዞ ከእናቴ ጎን ጎንበስ አለና፣ በእያንዳንዱ ምግብ ላይ ጣቱን እያሳረፈ የትኛው ያለ ቅቤ ሊሠራ እንደሚችል፣ የትኛው ሾርባ ደግሞ ከመነሻው በሥጋ መረቅ የሚሠራ በመሆኑ እንደማይሆናት አስረዳን። ለሺዎች የሚያበስል ወጥ ቤት አስቀድሞ ስለሚያዘጋጅ፣ ልዩ ጥያቄ ያለው መንገደኛ ከዋዜማው መምረጥ፣ ቢቻል ደግሞ ገና ጉዞውን ሲይዝ ማስታወቅ አለበት። ማር ትበላ እንደሆነ ሲጠይቃት እናቴ ሳቀች፤ ማር የሚከለክል ጾም ሰምታ አታውቅም። በመጨረሻ ምስር መርጣ፣ ቃሪያ እንዲጨመርበትም አስጻፈች።

በአጠገባችን ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ የያዙ ቤተሰቦች ይህንኑ ሲያደርጉ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። የእኛ ይሉኝታ ግን የከፈልንበትን ማዕድ እንኳ እንደ ውለታ ያስቆጥረናል፤ በመሥሪያ ቤት ግብዣም ሆነ በአውሮፕላን ላይ፣ አንድ ቃል መናገር ከብዶት ደረቅ ዳቦ ቆርሶ የሚነሣ ጾመኛ ብዙ አይቻለሁ።