አስራ ሁለተኛው ስኒ

ኪቦርዱን የገዛሁት ሰርግ ላይ ከሚጫወት ልጅ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ሦስት ወር ሙሉ በሬን ዘግቼ አንድ ነገር ብቻ ተለማመድኩ። የሙዚቃ ደራሲውን የሞዛርትን 12 ቫሪዬሽኖች፣ ማለትም አንድ ዜማ በአስራ ሁለት መልክ። ዜማው የሱ አይደለም፣ ፈረንሳዮች «እማዬ ልንገርሽ» የሚሉት የቆየ ዜማ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1781 ወይም በ1782 ቪየና ተቀምጦ አስራ ሁለት ጊዜ ገለባበጠው።

ቅዳሜ እቴቴ ቡና ጠሩኝ። ኪቦርዴን ይዤ ከጅማው ሄርማታ ሰፈር ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ አየት አድርጎኝ «ወንድሜ፣ ይሄ የሁለት ሰው ይከፍላል» አለኝ። ከፈልኩ። ጥበብ ዋጋ አላት።

ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ተሰየምኩና ማብራሪያ ጀመርኩ። «እቴቴ፣ ቫሪዬሽን እንደ ቡና ነው። ጀበናው ያው፣ ቡናው ያው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ጣዕሙ ይለያያል።»

«የሰውዬው ስንት ነው?»

«አስራ ሁለት።»

«አስራ ሁለተኛውማ ውሃ ነዋ!»

ዋጥ አድርጌ ጀመርኩ። ገና ዜማውን ሳስተዋውቅ ልጆቹ ከምንጣፉ ተነሱ፦ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ…»

ለካ ያው ዜማ ነው! እቴቴ ወደ ጋሼ ዞረው በሹክሹክታ (ግን እንድሰማ) «ሦስት ወር በር ዘግቶ ኤ ቢ ሲ ዲ ነው የተማረው?» አሉ።

አንደኛው ላይ ቀኝ እጄ ሲሮጥ ልጆቹም ሮጡ። ሁለተኛው ላይ ሩጫው ወደ ግራ እጅ ሲሄድ እንደገና ከኤ ጀመሩ። ትንሿ ሁሌም «ኤል ኤም ኤን» ላይ ትወድቃለች፣ ወንድሟ በክርን ያነሳታል። ስምንተኛው ወደ ሐዘን ቅኝት ሲገባ ቤቱ ጭጭ አለ። እቴቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ምነው? ማን ሞተ?» አሉ። አስራ አንደኛው በጣም ዝግ ያለ ነው። ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ።

«እቴቴ፣ አንድ ይቀራል።»

«አሁንም?»

የመጨረሻው ፈጣን ነው። ምቱም ከሁለት ወደ ሦስት ይቀየራል። ሞቅ ብሎኝ የግራ እጄን ከፍ ሳደርግ አንዷን ቁልፍ ነካሁ። የሰርጉ ልጅ ያስቀመጣት ችክችካ ከነከበሮዋ ፈነዳች! ላጠፋ ብዬ ድምፁን ጨመርኩት።

ጋሼ ከሶፋው ተነሱ። ወገባቸውን የሚያማቸው ጋሼ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጆቹ ኤ ቢ ሲ ዲውን በጭብጨባ አስኬዱት። ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ ሞዛርቱ ከችክችካው ጋር መግጠሙ! ለካ ሁለቱም በስድስት ይቆጠራሉ። እጄን ማንሳት ስላፈርኩ ቀጠልኩ።

ሲያልቅ እቴቴ ላባቸውን እየጠረጉ ስኒ አቀበሉኝ።

«ይቺ ናት አቦሏ! ያንን ሁሉ ውሃ ምን አስቀዳህ?»